ቶት፣ ኢቢስና ዝንጀሮ፦ ስለ አንድ የጥንት ግብፅ አምላክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንት ግብፅ አማልክት ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ፒራሚድና ወደ «ምሥጢር» ያዘነብላል። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ግን ስለ አንድ አምላክ፣ አብረውት ስለሚሳሉት ሁለት እንስሳትና ከሁሉ በላይ ጉዳያቸውን ይዘው ወደ እሱ ስለቀረቡ ሰዎች የሚነሱ ናቸው።

ቶት ማን ነው?

የጽሕፈት፣ የቁጥር፣ የዘመን አቆጣጠርና የጨረቃ አምላክ ነው። ቶት የሚለው ስም የደረሰን በግሪኮች በኩል ሲሆን ግብፃውያኑ ጅሁቲ ለሚለው በቀረበ ድምፅ ይጠሩት ነበር። ዋና ከተማው ኽመኑ ናት፤ ዛሬ ከካይሮ በስተደቡብ፣ በሚንያ አውራጃ ኤል አሽሙኔን በምትባለው መንደር ፍርስራሿ ይታያል። ግሪኮች ቶትን ከራሳቸው አምላክ ከሄርሜስ ጋር አንድ አድርገው ስላዩት ከተማዋን ሄርሞፖሊስ አሏት።

በአማልክቱ ጉባኤ ውስጥ ሥራው የጸሐፊ ነው። አማልክት ሲጣሉ ይሸመግላል፣ ፍርድ ሲሰጥ ይመዘግባል፤ በጠብ የተጎዳውን የአምላኩን የሆሩስን ዓይን አክሞ የመለሰም እሱ ነው ይባላል። ነጎድጓድ የሚያወርድ፣ ጦር የሚያዘምት ዓይነት አይደለም። ብርዕና የቀለም ሰሌዳ ይዞ ጥግ ላይ የሚቆም፣ ግን ያለ እሱ ምንም ነገር የማይጸድቅ አምላክ ነው ብንል ያስኬዳል።

አንድ አምላክ ለምን በሁለት እንስሳ ይሳላል?

ጥያቄው እኛን እንጂ ግብፃውያንን አያስጨንቃቸውም ነበር። እንስሳው የአምላኩ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ከባሕርዩ አንዱን ወገን የሚያሳይ ምልክት ነው። ስለዚህ ቶት አንዳንዴ የኢቢስ ወፍ ራስ ያለው ሰው፣ አንዳንዴ ሙሉ ኢቢስ፣ አንዳንዴ ደግሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ዝንጀሮ ነው።

ለምን ኢቢስ? ወፉ ወደ ታች የተቆለመመ ረጅም መንቁር አለው፤ ቅርጹ አዲስ የወጣች ጨረቃን ይመስላል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ይራመዳል፣ ጭቃውን በመንቁሩ እየወጋ የተደበቀውን ይፈልጋል። ፕሉታርክ የሚባለው ግሪካዊ ጸሐፊ የላባውን ጥቁርና ነጭ ከጨረቃ ጋር አያይዞታል። እንዲህ ያሉት ማብራሪያዎች አብዛኞቹ የመጡት ከኋለኞቹ ግሪኮች ስለሆነ በልክ መቀበል ይሻላል።

የዝንጀሮው ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው። ዝንጀሮዎች ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይንጫጫሉ፤ ግብፃውያን ይህን ጫጫታ ለፀሐይ የሚቀርብ ምስጋና አድርገው ተረዱት። አቡ ሲምበል የሚገኘው የዳግማዊ ራምሴስ ትልቁ ቤተ መቅደስ ከፊት ለፊቱ አናት ላይ የተደረደሩ ዝንጀሮዎች አሉ፤ እጃቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደምትወጣው ፀሐይ ዘርግተዋል። ያው ዝንጀሮ ቶት ሲሆን ደግሞ ራሱ ላይ ጨረቃ ይደፋል። የፀሐይም የጨረቃም መሆኑ ይቃረናል የሚል ካለ፣ ግብፃውያን ለእንዲህ ዓይነት ቅራኔ እንቅልፍ አያጡም ነበር።

ኢቢሱ በአገራችን አለ?

አለ። አካሉ ነጭ፣ ላባ የሌለው ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ከጅራቱ በላይ ጥቁር ላባ የሚንዠረገግበት ወፍ ነው፤ ሐይቅና ረግረግ ባለበት ይታያል። ሳይንሳዊ ስሙ «ትረስኪዮርኒስ ኤትዮፒከስ» ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠዋትና ማታ በጩኸት ሰማዩን የሚያቋርጡት ጠቆር ያሉት ወፎች የዚህ ዘመድ እንጂ እሱ ራሱ አይደሉም፤ እነዚያ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖሩ ሌላ ዝርያ ናቸው። የሚገርመው፣ የቶት ወፍ ከግብፅ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል።

ዝንጀሮዎቹ ከእኛ አካባቢ የሄዱ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እና ማስረጃው እየጠነከረ መጥቷል። በፈርዖኖቹ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዱር የሚኖር ዝንጀሮ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከደቡብ በመርከብ ይመጣ ነበር። ንግሥት ሃትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፑንት ወደምትባል የሩቅ አገር የላከችው መርከብ ታሪክ በዴር ኤል ባህሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ጭነቱ ከርቤ የሚያፈሩ ዛፎች ከነሥራቸው፣ ወርቅ፣ ዞጲ፤ ዝንጀሮዎቹም በመርከቡ ላይ ናቸው።

ፑንት የት ነበረች የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉ የተገነዙ ዝንጀሮዎችን አጥንትና ፀጉር ኬሚካላዊ አሻራ መርምሮ ትውልዳቸው የዛሬዎቹን ኤርትራን፣ ኢትዮጵያንና ጅቡቲን እንዲሁም የሶማሊያንና የየመንን ከፊል በሚያካትት ቀጠና ውስጥ መሆኑን አሳየ። በ2023 ደግሞ ሌላ ቡድን በሉክሶር ምዕራብ ከተገኘ አንድ ግንዝ ዝንጀሮ ዘረመል አውጥቶ ዘመዶቹ የኤርትራ ጠረፍ ዝንጀሮዎች ሆነው አገኛቸው፤ የጥንቷ ወደብ አዱሊስ የነበረችበት አካባቢ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ፑንትና አዱሊስ በተለያየ ዘመን ለአንድ የንግድ ቀጠና የተሰጡ ስሞች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ዝርያው አዋሽ ፓርክ የሄደ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ወንዱ ከትከሻው ላይ ብርማ ጎፈር የሚያወርደው ዝንጀሮ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። በሉክሶር ጋባናት ኤል ቁሩድ ከተባለው ቦታ የተገኙት ቢያንስ የ36 ዝንጀሮዎች አጥንቶች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የተጣመሙ፣ የተጎሳቆሉ ናቸው። ምክንያቱ የምግብ ጉድለትና የፀሐይ ብርሃን እጦት ነው። ፀሐይን ስለሚቀበል የተከበረው እንስሳ ፀሐይ በማያገኝበት ቤት ተዘግቶ አጥንቱ ጎበጠ።

ታዲያ ግብፃውያን እንስሳ ያመልኩ ነበር?

ሮማውያን እንደዚያ ብለው ያላግጡባቸው ነበር። ነገሩ ግን ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው፣ በምልክቱ የተመረጠና አምላኩ ያደረበት ተደርጎ የሚታይ አንድ እንስሳ ነው፤ የሜምፊሱ አፒስ ኮርማ ዋናው ምሳሌ ነው፣ እዚያው ፕታህ በተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ የሚኖር ዝንጀሮም ነበር። ሲሞት በክብር ይቀበራል፣ ሌላ ይተካል። ሁለተኛው፣ የዚያው ዝርያ ወገን በመሆናቸው ብቻ የተቀደሱና ለስለት የሚቀርቡ ብዙ ሺህ እንስሳት ናቸው። በሁለቱም ጸሎቱ የሚሄደው ወደ አምላኩ ነው።

ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ኢቢስ የገደለ ሰው፣ ሆን ብሎም ይሁን ሳያስበው፣ በሞት ይቀጣል ብሎ ጽፏል። በዚያው አገር ካህናቱ ኢቢስ በገፍ ይገንዙ ነበር። ይህን እንዴት አስታረቁት? ለእነሱ የተገነዘው ወፍ የሞተ ሳይሆን ወደ አምላኩ የተላከ ነበር። አስተሳሰቡን መረዳት ይቻላል፤ ለወፉ ግን ልዩነት አልነበረውም።

ተራው ሰው ወደ ቶት እንዴት ይጸልይ ነበር?

ይህን ያህል ርቀት ላይ ሆነን የአንድን ሰው የግል ጸሎት መስማት ብርቅ ነው፤ የቶት አገልጋዮች ጸሐፊዎች ስለነበሩ ግን ብዙ ተርፏል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፉ ፓፒረሶች (ከደንገል የተሠሩ የጽሑፍ ጥቅልሎች) አሉ፤ የጽሕፈት ተማሪዎች እንደ መልመጃ ይገለብጧቸው የነበሩ ጽሑፎች ናቸው። ከደብዳቤ ናሙናና «አትስነፍ» ከሚል ምክር ጋር ተቀላቅለው ሦስት ጸሎቶች ይገኛሉ።

በአንዱ ጸሎተኛው ቶትን ወደ እኔ ና እያለ ይጠራና ሙያውን እንዲያስተምረው ይለምናል፤ የጽሕፈት ሙያ ከሙያዎች ሁሉ የሚበልጥ፣ ሰውን ለሹመት የሚያበቃ ነው ይላል። ሥራ ፈላጊ ልጅ ከፈተና በፊት የሚጸልየው ጸሎት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ከዚህ ይጠልቃል። ቶት በበረሃ ለተጠማ ሰው ጣፋጭ የውኃ ጉድጓድ ነው ይላል፤ ግን ጉድጓዱ አፉን ለማይገታ ሰው የታተመ፣ ለዝምተኛው የተከፈተ ነው። ዝምተኛው መጥቶ ያገኘዋል፤ ቁጡው ሲመጣ ተደፍኖ ይጠብቀዋል። የንግግርና የጽሕፈት አምላክ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ዝም የሚለውን ነው ማለት ነው።

ሦስተኛውን እኔ ከሁሉ አስበልጣለሁ። አንድ ሰው የዝንጀሮ ቅርጽ ያለው የቶት ሐውልት ወደ ቤቱ አስገብቷል፤ ጸሎቱ ለዚያ ሐውልት ነው። ጎፈሩ የሚያበራ፣ ደም ግባት ያለው፣ ገራም፣ ሰው ሁሉ የሚወደው እያለ ያሞግሰዋል። ከምን ከምን ድንጋይ እንደተሠራ እየጠቀሰ ይሄዳል፤ ራሱ ላይ ያለው ቀይ ኢያስጲድ ነው፣ ብልቱ ሳይቀር ከየትኛው ድንጋይ እንደሆነ ይናገራል። ጌታዬ ከገባ ጀምሮ ደጄ ደስ ብሎታል ይልና ጎረቤቱንና ዘመዱን አብራችሁኝ ደስ ይበላችሁ ብሎ ይጠራል። መጨረሻ ላይ የልቡን ያወጣል፦ ቶት ሆይ፣ አንተ ከቆምክልኝ ዓይንን አልፈራም። የሰው ዓይን ያሰጋው ሰው ነው። አዲስ ዕቃ ቤቱ አስገብቶ ጎረቤት ጠርቶ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይን እንዳይበላው የሚጨነቅ ሰው ማን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ ሰዎች ለቶት አቤቱታ በጽሑፍ ያስገቡ ነበር። ባልደረባው በድሎት፣ ከምድር ዳኛ ተስፋ የቆረጠ ሰው ክሱን ዴሞቲክ በሚባለው የኋለኛው ዘመን የግብፅ ጽሕፈት ጽፎ ለአምላኩ ያቀርባል። ጸሐፊ ለሆነ አምላክ ጉዳይን በወረቀት ማቅረብ ተገቢው መንገድ ነው።

በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ለምን ተገነዙ?

ለስለት። ሰው ልጅ ፈልጎ፣ ታሞ፣ ሕልም አይቶ ወይም ስለቱ ሰምሮለት ቤተ መቅደስ ይመጣል፤ ከፍሎ አንድ ኢቢስ በስሙ ይገነዝለታል። ወፉ በሸክላ ጋን ውስጥ ይገባና ከመሬት በታች በተፈለፈለ ዋሻ ይደረደራል። ልማዱ የገነነው በኋለኛው ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመታት ነው። በሜምፊስ መቃብር በሳቃራ ብቻ 1.75 ሚሊዮን፣ በኽመኑ መቃብር ቱና ኤል ገበል ደግሞ 4 ሚሊዮን ያህል ኢቢሶች እንደተቀበሩ ይገመታል።

የሳቃራውን ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘው እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዋልተር ኤመሪ ነው። ይፈልግ የነበረው የመጀመሪያውን ፒራሚድ እንደነደፈ የሚነገርለትን የኢምሆቴፕን መቃብር ነበር፤ እሱን ሳያገኝ ጋን በጋን ላይ የተቆለለበት የወፍ ከተማ ገጠመው። ከዚያው አካባቢ የአንድ ሰው የግል ማኅደር ወጣ፦ ሆር የሚባል፣ ከሰበኒቶስ አውራጃ የመጣ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኢቢሶቹ አገልጋይ የነበረ ሰው በሸክላ ስብርባሪ ላይ የጻፋቸው ማስታወሻዎች።

ሆር ሕልም አላሚ ነበር። የሶርያው ንጉሥ አንቲዮኩስ 4ኛ ግብፅን በወረረበት በ168 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ወራሪው በመርከብ ተመልሶ እንደሚሄድ በሕልም አየሁ ብሎ ለቤተ መንግሥት አሳወቀ፤ ሮም ጣልቃ ገብታ እውነትም ሄደ። እኔን የበለጠ የሚስበኝ ግን ሆር ስለ ዕለት ሥራው የጻፈው ነው። ለ60,000 ኢቢሶች ስለሚቀርብ ምግብ ያነሳል። የቤተ መቅደሱ ሰዎች ሥራ ተበላሽቶ ምርመራ እንደተደረገና «አንድ አምላክ በአንድ ጋን» የሚል ደንብ እንደወጣም ይናገራል። ማለትም ከዚያ በፊት ስለት የከፈለው ሰው የሚደርሰው ሙሉ ወፍ መሆኑ አጠራጣሪ ነበር።

ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ግንዞች ተገኝተዋል ይባላል። ማጭበርበር ነበር?

በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከ800 በላይ የእንስሳት ግንዞች በራጅና በሲቲ ስካን ታይተው ውጤቱ በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ሲሶው ሙሉ እንስሳ፣ ሲሶው ቁርጥራጭ፣ ሲሶው ደግሞ ምንም የእንስሳ አጥንት የሌለበት ሆነ። ጭቃ፣ ሸምበቆ፣ እንጨት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ላባ።

ማጭበርበር ነው ለማለት ይቸኮላል። ከጎጆው የተገኘ ላባና ቅርፊትም እንደ ቅዱስ ይቆጠር ነበር፤ ከተቀደሰው እንስሳ ጋር የተነካካ ሁሉ ዝም ብሎ የማይጣል ነው። በሌላ በኩል የሆር ማስታወሻ የሚያሳየው ሰዎቹ ራሳቸው የሚያማርሩበት ብልሹ አሠራር እንደነበረ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው ባይ ነኝ። ወፎቹ ከየት ይመጡ ነበር ለሚለው፣ በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት የግንዞቹ ዘር ስብጥር የዱር ወፎችን ያህል ሰፊ ሆኖ አግኝቶታል፤ ስለዚህ በአንድ ትልቅ እርባታ ከመፈልፈል ይልቅ ከየረግረጉ እየተያዙ ለጥቂት ጊዜ ይመገቡ የነበረ ይመስላል።

ከጳጉሜን ጋር ግንኙነት አለው?

በአፈ ታሪክ አለው። ፕሉታርክ እንደሚተርከው ፀሐይ፣ የሰማይ እመቤት ኑት በየትኛውም ወርና ዓመት እንዳትወልድ ረገመቻት። ቶት ከጨረቃ ጋር ዳማ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ ከየብርሃኗ 70ኛውን እጅ አሸነፈ፤ ያንን አጠራቅሞ አምስት ቀን ሠራና በ360ው ቀን ላይ ጨመረ። የየትኛውም ወር ስላልሆኑ እርግማኑ አይነካቸውም፤ ኦሳይሪስና አይሲስን ጨምሮ አምስት አማልክት በእነዚያ ቀኖች ተወለዱ።

የኛ አቆጣጠር በእስክንድርያ በኩል ከዚሁ የግብፅ አቆጣጠር የመጣ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለት ባለ 30 ቀን ወርና ከኋላ የምትከተል ትንሽ ወር መኖሩ አጋጣሚ አይደለም። የግብፅ ክርስቲያኖች መስከረምን እስከ ዛሬ ቱት ይሏታል፤ ከቶት የቀረ ስም ነው። የአምላኩ በዓል በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ይውል ነበር፤ በዕለቱ ማርና በለስ እየበሉ «እውነት ጣፋጭ ናት» ይባባሉ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል።

የልብ ሚዛን ላይ የሚታየው እሱ ነው?

እሱ ነው። የሟቹ ልብ ከእውነት ላባ ጋር ሲመዘን የኢቢስ ራስ ያለው ቶት ውጤቱን ይጽፋል፣ ሚዛኑ አናት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝንጀሮ ይቀመጣል። ፈራጁ ግን የሙታን ንጉሥ ኦሳይሪስ ነው።

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆኜ ስለዚህ ባነብ ችግር አለው?

ይህ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሼኽዎ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እዚህ የተጻፈው ታሪክ ነው።

በዩቲዩብ የሚነበበው «የአትላንቲሱ ቶት» መጽሐፍ ጥንታዊ ነው?

አይደለም። ቶትን የአትላንቲስ ንጉሥ የሚያደርጉት «የኤመራልድ ጽላቶች» በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የወጡ ናቸው። ከእነሱ ጋር የሚምታታው ሄርሜስ ትሪስሜጊስቶስ፣ «ሦስት ጊዜ ታላቁ ሄርሜስ» ግን እውነተኛ ሥር አለው፤ ከግሪክና ከግብፅ መዋሐድ የተወለደ የቶት መልክ ነው። ለማዕረጉ ቀደምት ከሆኑት ምስክሮች አንዱ የሚገኘው የኢቢሶቹ አገልጋይ ሆር ማኅደር ውስጥ ነው።

ዛሬ ቶትን የሚያመልክ ሰው አለ?

በአሜሪካና በአውሮፓ ትናንሽ ማኅበረሰቦች አሉ። ቤታቸው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ምስል ያኖራሉ፣ ውኃ፣ ዳቦና ዕጣን ያቀርባሉ፤ ደራሲና ተማሪ የሆኑት በተለይ ቶትን ይመርጣሉ። ያላቸውን ቅንነት አልጠራጠርም። ያልተቋረጠ ትውፊት ነው ሲባል ግን አይሆንም፤ የመጨረሻው የሚታወቅ የሂሮግሊፍ ጽሑፍ በፊላይ ደሴት የተቀረጸው በ394 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። የዛሬዎቹ የሚሠሩት ከመጻሕፍት እንደገና የተሰበሰበ ነው።

የት ማየት ይቻላል?

ፓሪስ ያለ ሰው ሉቭር ሄዶ ነብመሩተፍ የተባለውን ጸሐፊ ይፈልግ። ከንጉሥ ሳልሳዊ አሜንሆቴፕ ዘመን የተሠራ ትንሽ ቅርጽ ነው፤ ጸሐፊው ፓፒረሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አጎንብሷል፣ ዝንጀሮው ቶት ከፍ ካለ መቀመጫ ላይ ይመለከተዋል። ለንደን ያለ ሰው በብሪቲሽ ሙዚየም አኒ ለተባለ ሟች የተጻፈውን ፓፒረስ ቢያስስ የልብ ሚዛኑን ያገኛል፤ ፓፒረስ ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ ለእይታ አይቀርብም።

ግብፅ ድረስ የሚሄድ ደግሞ ሚንያ ከተማ አድሮ ወደ ኤል አሽሙኔን ይውጣ። ያው አሜንሆቴፕ ያቆማቸው፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ተኩል ገደማ የሚደርሱ ሁለት የዝንጀሮ ሐውልቶች እዚያው ቆመዋል። የኢቢሶቹ ዋሻና የቶት ሊቀ ካህናት የነበረው የፔቶሲሪስ መቃብር ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ በረሃው ጠርዝ ላይ ቱና ኤል ገበል ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፣ መኪና ግን ከሚንያ ተነጋግሮ መያዝ ይሻላል።